ዓይኔን ላክሁት

ባለቤቴን ከደሴ ወደ ሐይቅ የጎተትሁት «ደሴት አሳይሃለሁ» ብዬ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ዛንዚባር ሄደው የተነሱትን ፎቶ ካየ ወዲህ ደሴት ደሴት ይለዋል። ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ የተጋደመ ጎልማሳ። የእኛ ኪስ ግን የሚችለው ከደሴ መናኸሪያ በሚነሳ ሚኒባስ የሚደረስበትን ደሴት ነው። ደግነቱ ወሎ እንዲህ ያለውንም አላጣችም፤ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ።

«ሙቀት አለው?» አለኝ።

ሐይቁ ያለው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስመኛል። «ፀሐይ አለ» አልሁት። ሐሰት አልተናገርሁም።

ከመነሳታችን በፊት የቀኑን ውሎ ተዋዋልን፦ ጠዋት ገዳም፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ አምባሰል። እኔ እንደገባኝ ዓሣው መንገድ ላይ የሚቀመስ ነገር ነው፤ ቁም ነገሩ ውጫሌ ወርዶ ይስማ ንጉሥን ማየት ነው። እሱ እንደገባው ደግሞ ቁም ነገሩ ዓሣው ነው፤ አምባሰል ዓሣ እየበሉ ከሩቅ የሚያዩት ተራራ ነው። እዚያው ይስማ ንጉሥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውልም እንዲሁ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች 17ኛውን አንቀጽ ለየቅል አንብበውት ነገሩ ዐድዋ ላይ ነው የለየለት። የእኛ እዚያ ድረስ አይሄድም ብዬ ዝም አልሁ።

ሐይቅ ከተማ እንደወረድን ባጃጅ ያዝን። ልጁ ገና ሳንቀመጥ «ገዳም ነው? በሩ ድረስ አደርሳችኋለሁ፤ አብሽሩ» አለ። ባለቤቴ ፊቱ ተለወጠ።

«ደሴት በባጃጅ ይገባል እንዴ?»

«ይገባል እንጂ ወንድምዓለም፤ መንገድ አለው።»

«እኔ ደሴት በባጃጅ አልገባም። ጀልባ ካለበት ውሰደን።»

ልጁ በመስታወቱ አየኝ፤ እኔም በመስታወቱ አየሁት፤ ተግባባን። ሐይቁ ዳር ካለ መዝናኛ አውርዶን ሄደ። የጀልባው ዋጋ ከባጃጁ ስንት እጥፍ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ያነባል።

ጀልባው ግን አስደሳች ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ውኃው ጠዋት ላይ ዝርግ ብሎ፣ ዙሪያውን ተራራው ጥላውን ጥሎበት፣ ዳር ዳሩን ደንገሉ እየተወዛወዘ። ባለቤቴ እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በሐሳቡ ዛንዚባር ደርሷል። ከላይ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሳ ወንዝ እንደሚገባበት፣ የሚወጣ ወንዝ ግን እንደሌለው ነገርሁት። «እሺ» አለ። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር እንደሚበልጥ ስነግረው እጁን አውጥቶ በሱሪው ጠረገና መሐል ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

ከጀልባው ስንወርድ ከገዳሙ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር አንድ ባጃጅ ቆሟል። ያው ባጃጅ ነው። ሌሎች ተሳላሚዎች አምጥቶ፣ አውርዶ፣ እግሩን ሰቅሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ደሴቱን አገኛችሁት?» አለን።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው፦ ቦታው ደሴት ነበር። የአዳሉ ኢማም አሕመድ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1531 ወደ ሐይቅ ሲመጡ ገዳሙ ዙሪያውን በውኃ ታጥሮ ስለነበር ወታደሮቻቸው ለመሻገር መላ መምታት ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ውኃው ሸሽቶ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያያዘ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አምስት መቶ ዓመት ዘግይተሽ ነው ያመጣሽኝ።»

ወደ በሩ ስንጠጋ አንድ አባት ወጡ። ተሳለምን። መስቀላቸውን አሳልመው ሲያበቁ ለስለስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ አንቺ እዚህ ትቆያለሽ፤ እሱ ይግባ» አሉኝ። የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። ይህን አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ሥርዓት ነውና ቅሬታም የለኝም። የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ስለዚህ ገዳም ያነበብሁት እኔ ነኝ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ ተምረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1248 አካባቢ እዚህ መጥተው ቦታውን ትልቅ ትምህርት ቤት እንዳደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ እግራቸው ሥር እንደተማሩ፣ ይኩኖ አምላክም በልጅነቱ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር እንደሚባል፣ የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት እስከ መፈራት ይደርስ እንደነበር፤ ይህን ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ለባለቤቴ ሳነብለት፣ እሱ በየመሐሉ «ከዓሣው ቀረሶ ነው አምባዛ የሚበዛው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን የሚገባው እሱ ነው።

ምርጫ የለኝም፤ ዓይኔ አድርጌ ላክሁት። ነጠላዬን አውልቄ አለበስሁት። ነጠላዬ ገባች፣ እኔ ቀረሁ።

«ስማኝ» አልሁት ጫፉን እያስተካከልሁለት። «ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው። የራሳቸው ሥዕል አለበት። ካሳዩህ አስተውለህ እይልኝ። ምን እንደለበሱ፣ እጃቸው ላይ ምን እንዳለ። ካላሳዩህም ጠይቅ። ግድግዳውን እይ፣ መቋሚያውን እይ፣ ማን ምን እንዳለ ያዝ።»

«እሺ» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ «እሺ» የፈራሁት ቃል የለም።

እኔ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አጠገቤ አንዲት እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው አሉ፤ ጣታቸው አንዷን ፍሬ ይገፋል፣ ዓይናቸው እኔን ይመረምራል። ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ልጅ እንደሆንሁ፣ ስንት እንደወለድሁ ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ስለ ሐይቁ አወጉኝ። ድሮ ይህ ሁሉ ደረቅ ምድር ነበር አሉ። አንዲት የንጉሥ ልጅ አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት በደለቻት። እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱን ከነወዳጅ ዘመዷ ውኃው በላት። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት ብቻ ተረፈች። «ያቺ መሬት ይህቺ ናት» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ በሩ እያመለከቱ።

በሩን አየሁት። በሩ ላይ የቆሙትን አባት አየኋቸው።

«እማሆይ፣ ታዲያ መሬቷ የተረፈችው ለሴት ከሆነ...»

«ነው እንጂ።»

«ሴትዮዋን መቼ አስወጧት?»

እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ መቁጠሪያውን ካቆሙበት ቀጠሉና፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ከገፉ በኋላ፣ «እሷማ አልወጣችም ልጄ። ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ልጆቿ መነኮሱባት» አሉኝ። ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ሁሉ ባነብም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የማገኝ አይመስለኝም።

ባለቤቴ ወጣ። ፊቱ እንደ ቅዳሴ ጠዋት ለስልሷል። ነጠላዬን በትከሻው አጣፍቶ አስተካክሎ ለብሷታል፤ ከእኔ ይልቅ አምራበታለች።

«እሺ፣ ምን አየህ?»

«ጥሩ ነው።»

«ምኑ?»

«ቦታው። ደስ ይላል። ጸጥታ አለው።»

«ወንጌሉን አሳዩህ?»

«መጽሐፍ አለ።»

«የቱ መጽሐፍ?»

«ትልቅ።»

«ተገልጦ አየኸው?»

«አባ ስለሱ ብዙ ነገሩኝ።» ዝም አለ። «በጣም ብዙ።»

«ምን አሉህ?»

«ባክሽ አንቺ ራስሽ የነገርሽኝን ነው የደገሙልኝ። ታውቂው የለ?»

እማሆይ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «የኔም ባል እንዲህ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና» አሉ።

ዓሣው ሲመጣ ግን ሰውየው አንደበቱ ተፈታ። ሁለት ቀረሶ፣ ጎናቸው በቢላዋ ተተልትሎ፣ ጠርዛቸው እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሰው፣ ከነጭንቅላታቸው ሳህኑን ሞልተው፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር። ስለ ቆዳው ተናገረ፣ ስለ አጥንቱ አቀማመጥ ተናገረ፣ ጉንጯ አካባቢ ያለችው ሥጋ ከሁሉ እንደምትጥም አስረዳኝ። ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደተጠበሰበት ሳይቀር ደረሰበት። ገዳሙ ውስጥ የት ነበረ ይህ ዓይን? ቀረሶው ራሱ ለሐይቁ እንግዳ እንደሆነ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ አምጥተው እንደለቀቁት ስነግረው ማላመጡን አቆመ።

«እና ኢየሱስ ሞዓ ይህን አልቀመሱም?»

«አልቀመሱም።»

ከምር አዘነላቸው። ቀጥሎ ዓሣ ጾም ነው ፍስክ ነው የሚለውን አነሳ፤ ይህ ክርክር ከተነሳ ማኅበር ይበተናልና በዳጣ አፉን ዘጋሁት።

«በል፣ ወደ አምባሰል» አልሁ ሳህኑ ሲነሳ።

«ያውልሽ» አለ፣ በዓሣ አጥንት ከሐይቁ ማዶ ያለውን ተራራ እያሳየኝ። «እያየነው አይደል?»

አስተናጋጇ ጠረጴዛውን እየጠረገች «ያኛው እንኳ አይደለም ጋሼ» አለችው። ውሉ ያኔ ፈረሰ። እኔም አሸነፍሁ፤ አስፋልቱ ላይ ወጥተን ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን።

ሾፌሩ ማሪቱ ለገሰን ከፍ አድርጎ ከፍቷል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው፤ አምባሰልን ወደ አምባሰል እየሄዱ መስማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኔ በመስኮቱ ተደግፌ ተራራውን ሳይ፣ ባለቤቴ አጠገቡ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ወግ ጀመረ።

«ከገዳም ነው የምትመጡት?» አሉት።

«አዎ አባቴ። ገብቼ ተሳልሜ ነው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ማመን አቃተኝ። ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተነሱ። አባ ዮሐኒ ቀረቡ። 1248 ተጠራ፣ «እንደ አውሮፓ አቆጣጠር» ከሚለው ጋር። ተክለ ሃይማኖት፣ ይኩኖ አምላክ፣ ዐቃቤ ሰዓቱ፣ ወንጌሉ፣ ወንጌሉ ላይ ያለው ሥዕል፣ አንድም አልቀረ፤ ማታ ማታ ያነበብሁለት ሁሉ በእኔው አገባብ፣ በእኔው የድምፅ አጣጣል። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። የኋላ ወንበሮቹ ዝም ብለዋል። ረዳቱ ሳንቲም መቁጠሩን ትቷል።

ሲጨርስ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታድለሽ ልጄ! ይህ ሁሉ ታሪክ ቤትሽ ቁጭ ብሎ ነው?»

«አዎ አባቴ» አልሁ። «ነጠላዬን ለብሶ።»