ይድረስ የካይሮን ፋይል ለያዙት ባለሙያ

ለአሜሪካ ስቴት ዲፓርትመንት፣
የግብፅን ወታደራዊ ርዳታ ወረቀት በየዓመቱ ለሚያረቅቁት ሰው፣
ዋሽንግተን ዲሲ

ስምዎን አላውቀውም። ሚኒስትሮቹን እናውቃቸዋለን፤ ኬሪ፣ ቲለርሰን፣ ፖምፒዮ፣ ብሊንከን፣ ሩቢዮ፤ ይመጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይሄዳሉ። የወረቀቱ አጻጻፍ ግን አይለወጥም፤ አዲስ አበባ ተቀምጬ ሳነብበው የእርስዎን እጅ እለየዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቱን በእናንተው አቆጣጠር አድርጌዋለሁ። በእኛው ብጽፈው ጉዳዩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና ለእርስዎ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይሆንልዎታል።)

አድናቆቴ የሚጀምረው ከ2013 ነው። ጁላይ 3 ቀን ጄኔራል አብደልፈታህ አል ሲሲ በቴሌቪዥን ቀርበው ፕሬዚዳንት ሙርሲ ከሥልጣን መነሣታቸውን አወጁ። ሕጋችሁ ግልጽ ነበር፤ የተመረጠን መሪ ጦር ካወረደው ርዳታው ይቆማል። ግብፅ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር የምትቀበል አገር ናት። ሌላ ሰው ቢሆን እንቅልፍ ያጣ ነበር። እርስዎ ግን መፈንቅለ መንግሥት ነው አላሉም፣ አይደለምም አላሉም፤ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መወሰን ሕጉ አያስገድደንም፣ ለጥቅማችንም አይበጅም አሉና ፋይሉን ዘጉ። ቀበሌ ሄዶ “አልተከለከልክም፣ አልተፈቀደልህምም፣ ጉዳይህ እየታየ ነው” ተብሎ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ይህን ጥበብ ሲያይ ተነሥቶ ያጨበጭባል።

ጆን ኬሪ ግን ቸኮሉ። ኦገስት 1 ቀን ፓኪስታን ላይ የግብፅ ጦር ዴሞክራሲን እየመለሰ ነው ብለው አረፉት። በ13ኛው ቀን የጸጥታ ኃይሉ ራብዓ አል አደዊያ አደባባይ ገባ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያች አንዲት ቀን ቢያንስ 817 ሰው እዚያ መገደሉን መዝግቧል። ንግግሩን እርስዎ አርቅቀውት ቢሆን ኖሮ ኬሪ እንዲህ አይሉም ነበር። ምንም አይሉም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ተቆጥታችኋል። በኦክቶበር 2013 የኤፍ 16 አውሮፕላን፣ የሃርፑን ሚሳይልና የታንክ ዕቃ እንዳይላክ ያዛችሁ። ካይሮ አለቀሰች? ገበያ ወጣች እንጂ! በፌብሩዋሪ 2015 ፑቲን ካይሮ ድረስ ሄደው ለሲሲ ክላሽንኮቭ ጠመንጃ በስጦታ ሰጡ፤ በዚያው ወር ከፈረንሳይ ጋር የ24 ራፋል አውሮፕላን ውል ተፈረመ። ማርች ሳያልቅ ኦባማ ስልክ ደውለው እገዳው መነሣቱን ነገሯቸው፤ 12 አውሮፕላን፣ 20 ሚሳይል፣ እስከ 125 ታንክ የሚሆን ዕቃ። ፈረንሳይ ግን እጇን አልሰበሰበችም። ለሩሲያ ተሠርተው በዩክሬን ጉዳይ የቀሩባትን ሁለት የሚስትራል መርከቦችም ለግብፅ ሸጠችላት፤ አንዷ “ጋማል አብደል ናስር”፣ ሁለተኛዋ “አንዋር ሳዳት” ተባሉ። ሶቪየቶችን ያስገባው ናስርና ያስወጣቸው ሳዳት በፈረንሳይ ብረት ላይ ጎን ለጎን መቆማቸው ነው።

ከፋይልዎ ሁሉ የምወደው ግን የሰሜን ኮሪያዋን መርከብ ነው። በኦገስት 2016 የካምቦዲያን ባንዲራ ያውለበለበች፣ መርከበኞቿ ሰሜን ኮሪያውያን የሆኑ ጂ ሹን የምትባል መርከብ ወደ ስዊዝ ቦይ እየቀረበች ሳለ ከእናንተ ስለላ ለካይሮ ጥቆማ ደረሰ። የግብፅ ጉምሩክ ወጥቶ ያዛት። ከጫነችው የብረት ማዕድን ሥር 30,000 ያህል የሮኬት ቦምብ ተገኘ። ወዳጅነት ማለት ይህ ነው ተባለ፣ ምስጋና ተዥጎደጎደ። ኋላ፣ ዋሽንግተን ፖስት በ2017 እንደ ጻፈው፣ ዕቃው ለማን ነበር ተብሎ ሲጣራ ደንበኛዋ ራሷ ግብፅ ሆና ተገኘች። “ያዝልን” ብላችሁ የጠራችሁት ሰው የዕቃው ባለቤት ነበር፤ ጉምሩኩም የገዛ መንግሥቱን ጭነት ወረሰ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ አክባሪ ጉምሩክ በየት አገር ይገኛል? በ2017 ቲለርሰን ከግብፅ ርዳታ ላይ 195 ሚሊዮን ዶላር ያዙ። በ2018 ተለቀቀ።

አሁን ሥራዎ ጫፍ ወደ ደረሰበት ወደ 2024 ልምጣ። በጁላይ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት፣ የሴኔቱን የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ይመሩ የነበሩትን ቦብ ሜኔንዴዝን ጉቦ በመቀበልና ለግብፅ መንግሥት ወኪል ሆኖ በመሥራት ጥፋተኛ አላቸው። ቤታቸው ሲፈተሽ ጥፍጥፍ ወርቅና ከ480,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ተገኝቶ ነበር፤ ከፊሉ በፖስታ፣ ከፊሉ በጃኬት ኪስ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረታችንን ከማን እንደ ሰሙት እንጃ። ኋላ 11 ዓመት ተፈረደባቸው። እኔ ያዘንኩት ግን ጉቦውን ለሰጡት ነጋዴዎች ነው። ያን ሁሉ ወርቅ ምን አስወጣቸው? ቢታገሡ ያው ወረቀት በነጻ ይመጣ ነበር።

መጣም። ሴፕቴምበር 11 ቀን፣ ለእኛ የ2017 እንቁጣጣሽ፣ እዚህ ልጃገረዶች “አበባ አየሁሽ” እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ መሥሪያ ቤትዎ የግብፅ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ሳይሸራረፍ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከዚህ ውስጥ 320 ሚሊዮኑ በሰብአዊ መብት ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነበር። 225 ሚሊዮኑ ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል ታለፈ፤ ይህ የለመድነው ነው። የቀረው 95 ሚሊዮን ግን ግብፅ የፖለቲካ እስረኞችን በመፍታት ግልጽ መሻሻል ማሳየቷን በፊርማ ካላረጋገጣችሁ የማይነካ ነበር። አረጋገጣችሁ።

በ18ኛው ቀን የአላእ አብደልፈታህ የእስር አምስት ዓመት ሞላ። አላእ የ2011ዱን የታህሪር አደባባይ ትውልድ ስም ካስጠሩት አንዱ ነው፤ የተያዘው ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 ነበር። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 በሩ አልተከፈተም። ሳይፈረድበት የታሰረው ከሁለት ዓመት በላይ ጊዜ አይታሰብለትም፣ የሚወጣው በጃንዋሪ 2027 ነው ተባለ። እናቱ ላይላ ሱዌፍ በማግስቱ የረሃብ አድማ ጀመሩ። ሴትየዋ በካይሮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ከአምስት ላይ አምስት ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር አይጠፋቸውም። ለንደን ሆስፒታል እስኪገቡ ድረስ ተራቡ። ልጃቸው በምሕረት የወጣው በሴፕቴምበር 2025 ነው። “መሻሻሉ” እርስዎ ከፈረሙለት አንድ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው፤ የፖስታ ችግር ይሆናል።

በጃንዋሪ 2020 ደግሞ የእናንተኑ ፓስፖርት የያዘ፣ ከ2013 ጀምሮ በግብፅ የታሰረ ሰው የረሃብ አድማ ላይ እንዳለ ሞቷል። በዚህ አልቀልድም፤ እርስዎም በፋይልዎ የትኛው ገጽ ላይ እንዳስቀመጡት አልጠይቅዎትም።

ምክንያት የላችሁም አልልም። የጦር መርከቦቻችሁ በስዊዝ ቦይ ወረፋ ሳይጠብቁ ያልፋሉ፣ አውሮፕላኖቻችሁ በግብፅ ሰማይ ይበራሉ፣ ከእስራኤል ጋር በ1979 የተፈረመው ሰላምም ቆሟል። በጃንዋሪ 2025 የውጭ ርዳታ ሁሉ ሲቆም ከድንገተኛ የምግብ ርዳታ ሌላ የእስራኤልና የግብፅ ወታደራዊ ገንዘብ ብቻ ተለይቶ የተረፈው ለዚህ ይሆናል። እኛ አገር በእናንተ ገንዘብ ደመወዝ ያገኙ የነበሩ የጤና ሠራተኞች በዚያ ሰሞን ተሰናበቱ። ታንክ ቢነዱ ኖሮ ይተርፉ ነበር።

ስለ እኛ ካነሣሁ አይቀር አንዲት የሒሳብ ጥያቄ አለችኝ። በ2020 ህዳሴ ግድብን ውኃ ሞላችሁ ተብለን እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ርዳታ እንደ ተያዘብን ተዘገበ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሱዳኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ ጋዜጠኞች ቆመው እየሰሙ፣ ግብፆች ያንን ግድብ ያፈነዱታል አሉ። ዓመት ቆይቶ ከግብፅም ላይ በሰብአዊ መብት ምክንያት 130 ሚሊዮን ዶላር ያዛችሁ። ቅጣቱ በጃንዋሪ 2022 በጸናበት በዚያው ሳምንት ግን የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የማጓጓዣ አውሮፕላንና የራዳር ሽያጭ ፈቀዳችሁላት። ለእኛም 130፣ ለእነሱም 130። የእኛ መካሻ አውሮፕላን የት ቀረ?

ሰፈሬ ያሉ ሰዎች “ያቺ የብሔራዊ ደኅንነት ማኅተም ለእኛም መንግሥት ብትላክ ምን አለበት?” ይላሉ። እኔ ግን አደራ፣ አይላኩ። እዚህም ስንቅ ቋጥረው እስር ቤት በር ላይ የሚቆሙ እናቶች አሉና ማኅተሟ ሥራ አታጣም።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ አንባቢዎ

ግልባጭ፦
ለግብፅ ኤምባሲ፣ ዋሽንግተን ዲሲ (ረቂቁ አስቀድሞ ካልደረሰው)