ጣና ላይ አውሮፕላን ተሸካሚ ይመደብልን

የዓለም ኃያላን በደቡብ ጎንደር ላይ የፈጸሙት በደል እስከ ዛሬ አቤት የሚልለት አላገኘም። ጅቡቲ ላይ አሜሪካ ሰፍራለች፤ ፈረንሳይ ሰፍራለች፤ ጃፓንና ጣልያንም አሉበት፤ በ2009 ደግሞ ቻይና ተጨምራለች። ሞቃዲሾ ላይ ቱርክ አለች። አሰብ ላይ ኤምሬትስ ገብታ ወጥታለች። ሩሲያ ፖርት ሱዳንን ስትለምን ዓመታት አለፉ። ደብረ ታቦርን ግን እስካሁን የጠየቀ አንድም ባሕር ኃይል የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ላይ መቀመጣችን ጥፋት ሆኖ ነው? መርከብ ዳገት መውጣት ካቃተው ድክመቱ የመርከቡ ነው እንጂ የእኛ አይደለም።

ደግሞም ለነገሩ እንግዶች አይደለንም። ከደብረ ታቦር እልፍ ብላ ያለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያኑን ሰብስበው መድፍ ያስፈሰሱባት መንደር ናት። ከዚያ የወጣው ትልቁ መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። ሴባስቶፖል እንግሊዝና ፈረንሳይ መርከቦቻቸውን ደርድረው ሩሲያን የከበቡባት የጥቁር ባሕር ወደብ ናት። የባሕር ነፋስ ደርሶት የማያውቅ ደገኛ የኃያላንን ፉክክር በወሬ ሰምቶ መድፉን በወደብ ስም ሲጠራ፣ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የእጩነት ማመልከቻ ይቅረብ?

ንጉሡ በመድፍ ብቻም አልተወሰኑም። እስረኛቸው የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ ጣና ዳር ሰፍረው ሳሉ የእንፋሎት መርከብ ለመምሰል ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በግራና በቀኝ መዘውር አስገጥመው በእጅ እያስዞሩ ሞክረዋል። እንፋሎቱ የሚወጣው ከወታደሩ ነበር ማለት ነው። የዘንድሮ መሐንዲሶች ይህን አካባቢን የማይበክል ቴክኖሎጂ ብለው ሽልማት ይሰጡበት ነበር።

የምር የባሕር ትርኢት ግን ከወዲያ መጣ። ንጉሡ በ1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ እሳቸውም ቆንስሏን አሰሩ። ለመልስ የሚሆን ወረቀት ያጣችው ታላቋ ብሪታንያ ጦር ለመላክ ሲሆን ምንም አላነሳትም። ጄኔራል ናፒየር ዙላ ላይ ሲወርድ ከህንድ 44 ዝሆን በመርከብ አስጭኖ ነበር፤ ለጓዙም የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ለሴባስቶፖል መንገድ እያስጠረጉ፣ ለወራት እያስጎተቱ መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ሁሉም አበቃ። መድፉ እዚያው ተራራ ላይ ቀረ፤ ብራናውና ዘውዱ በዝሆንና በበቅሎ ወርዶ መርከብ ተሳፈረ። የባሕር ኃይል ጉብኝት ሁልጊዜ ማስታወሻ ይዞ መመለሱ የታወቀ ነው።

አሁን ግን ዘመኑ ሠልጥኗል፤ ኃያላን የሚመጡት በኪራይ ነው። አሜሪካ ለጅቡቲ በዓመት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትከፍላለች። በ2010 ከቻይና ሰፈር የተበራ ሌዘር የአብራሪዎቼን ዓይን ጎዳ ብላ አሜሪካ ከሰሰች፤ ቻይና የለሁበትም አለች፤ ጅቡቲ ኪራይዋን ከሁለቱም ተቀበለች። ይህን የመሰለ ጎረቤትነት ለደቡብ ጎንደሩ ሊቦ ከምከም ወረዳ ሕዝብ የተነፈገው ለምንድን ነው?

ትርኢቱ ራሱ ለእኛ አዲስ አይሆንብንም። ቡሄ ሲደርስ የላይ ሰፈር ልጆች ቃጫ ገምደው፣ ጅራፋቸውን ውኃ አጠጥተው፣ ከታች ሰፈር ጋር የሚዋሰኑበት ጉብታ ላይ ይወጣሉ። ከወዲህ ይጮኻል፤ ከወዲያ ይመለሳል። የማንም ልጅ ድንበር አያልፍም፤ የማንም ጅራፍ ጠላት አያገኝም። በመካከል የምትደነብረው የእትዬ ዶሮ ናት። አልፎ አልፎም ጅራፉ ዞሮ የገራፊውን ጆሮ ይልጠዋል።

ቀይ ባሕር ላይ ያየነው ይኸው ነው። የየመን ሁቲዎች ከኅዳር 2016 ጀምረው መርከብ ሲያስፈራሩ አሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚዎቿን እያፈራረቀች አመጣች፤ አውሮፓም የራሱን ዘመቻ አወጀ። በርካሽ የተሠራ ድሮን 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ሚሳኤል ይመታ ጀመር። በታኅሣሥ 2017 ጌቲስበርግ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ የራሷን አገር ኤፍ 18 አውሮፕላን መትታ ጣለች፤ አብራሪዎቹ በጃንጥላ ወርደው ተረፉ። ሁለት ወር ሳይሞላ ትሩማን የተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ ፖርት ሳይድ አጠገብ ከንግድ መርከብ ጋር ተጋጨ። በሚያዝያ ደግሞ ከዚሁ መርከብ ላይ ሌላ ኤፍ 18 ከነመጎተቻው ተንሸራቶ ባሕር ገባ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለውን ተረት ለዋሽንግተን ማን እንዳስተማረልን አላውቅም፤ በተግባር ግን ከእኛ በልጠውበታል።

የባሕር ባለቤትነቱንም ሞክረነዋል። በጃንሆይ ዘመን በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የአሜሪካም የሶቪየትም የእንግሊዝም የፈረንሳይም የጦር መርከብ ጎን ለጎን ይቆም ነበር። ግብዣው ደማቅ ነው፤ ሰላምታው መድፍ ነው። «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋናዋ መርከባችን ራሷ በ1954 ከአሜሪካ የተገኘች ያገለገለች መርከብ ነበረች። ኋላ ሶቪየቶች ዳህላክ ላይ ሰፈሩ፤ የወንድማማችነቱ ንግግርም በዛ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ ከዚያ ሁሉ ተጋባዥ የባሕሩን በር መልሶ የያዘልን አልነበረም። «ኢትዮጵያ»ም የመን ደርሳ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኋላም ባሕር ኃይሉ ራሱ ፈረሰ።

እኛ ግን ተስፋ የምንቆርጥ ሕዝብ አይደለንም፤ ባሕሩ ሳይገኝ ባሕር ኃይሉን መልሰን አቋቋምነው። በመጋቢት 2011 ፈረንሳይ ልታግዘን ፈረመች። አንዳንድ ምቀኛ ኮርቻ ከፈረስ ቀደመ ሊል ይችላል፤ ኮርቻው ያለው ሰው ግን ቢያንስ ሲቀመጥ ይመቸዋል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ሞቃዲሾ ተቆጣች። ካይሮ አጋጣሚውን ስትጠብቅ ኖራ በመስከረም 2017 የጦር መሣሪያ በጦር መርከብ አምጥታ ሞቃዲሾ ላይ አራገፈች። ቱርክ በበኩሏ ሶማሊያን ነዳጅ ልፈልግልሽ ብላ የአሳሽ መርከብ ከጦር መርከብ አጃቢ ጋር ላከች፤ ከዚያም አስታራቂ ሆና በታኅሣሥ አንካራ ላይ ሁለቱን መሪዎች አጨባበጠች። አንድ ሰነድ ፈርመን የሁለት አገር መርከብ ወደ ሰፈራችን መሳባችን እንደ ዲፕሎማሲ ድል ሊቆጠር ይገባል። የራሳችን መርከብ ብቻ ነው የቀረው።

ይህ ሁሉ ለሊቦ ከምከሟ ከተማ ለአዲስ ዘመን ገበያ ምኑ ነው የሚል ይኖራል። ነገሩማ ቀላል ነው። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በየካቲት 2016 ሁቲዎች መትተው ያሰጠሟት ሩቢማር የተባለች መርከብ የጫነችው ወደ 21 ሺህ ቶን ማዳበሪያ ነበር። ለፎገራ የታዘዘ አልነበረም፤ ማዳበሪያ የሚጠብቅ የሩዝ ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ የመርከቧን መድረሻ አይጠይቅም። የመርከብ ኪራይና ዋስትና ሲወደድ ሒሳቡ ተንከባሎ የሚያርፈው የት እንደሆነ ያውቀዋል። ፎክረው ያለፉት መርከቦች ደረሰኝ አይቆርጡም፤ ደረሰኙን የሚቆርጠው የገበሬው ማኅበር ሒሳብ ሹም ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን የእኩልነት ነው። ዋጋውን ከከፈልን ትርኢቱንም በቅርብ እንየው። ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ ተሠርቶልናል፤ የቀረን እርጥቡ ነው። አውሮፕላን ተሸካሚው ጣና ላይ ይቁም። ራዳሩ ጣራ ገዳም ተራራ ላይ ይተከል፤ ደኑ እንዳይመነጠርና በጸሎት ሰዓት ሳይረን እንዳይነፋ ግን ከመነኮሳቱ ጋር አስቀድሞ ይመከርበት። ቻይና በደምቢያ በኩል፣ አሜሪካ በፎገራ በኩል ትያዝ፤ ሌዘሩን የሚያበሩት ከአዝመራ በኋላ ይሁን። የምድሩ ተኩስ መች አነሰንና የውኃው ይጨመር የሚል ካለ፣ እሱ የዓለም አቀፍ ሚዛን የማይገባው ሰው ነው።

ሐይቁ ባዶ ነው ብለን ግን አንዋሽም። ከ2004 ጀምሮ እምቦጭ ሰፍሮበታል፤ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ኪራይም አይከፍልም። ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ሥሩን በእጁ እየመዘዘ፣ በገመድ እየጎተተ ዳር ላይ ይከምረዋል፤ ነፋስ ሲዞር ሌላው ተንሳፍፎ ከኋላው ይደርሳል። የትኛውም ኃያል አገር ይህን ወረራ አላወገዘም፤ ምናልባት ባንዲራ ስለሌለው ይሆናል። እንግዲህ የጦር መርከቦቹ የመጀመሪያ ግዳጅ ይኸው ይሁን። ሚሳኤል አያስፈልግም፤ መልሕቃቸውን ወርውረው ቢጎትቱት ይበቃል።

የኪራዩ ነገር ቀላል ነው። በዶላር መክፈል ካልተመቻቸው በማዳበሪያ እንቀበላለን። ብቻ እስከ ሰኔ ይድረስ።