ከሥራቸው የምኖር ሰው ምስጋና

የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ያረጀ መታጠቢያ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አድሰው ጨርሰዋል። እንኳን ደስ አላቸው። እኔ ከሥራቸው ስለምኖር ሥራቸው ቀድሞ የደረሰው ለእኔ ነው።

መቼም ቧንቧ ሠራተኛ ሌባ ነው፤ ሴራሚክ ለጣፊም እንደዚያው። አሥር ዓመት በስሚንቶ እጁ የሻከረ ሰው፣ ሦስት ምሽት ዩቱብ ካዩ የቢሮ ሰው የበለጠ ምን ያውቃል? ጋሼ መርካቶ ወርደው ሴራሚኩንና የሻወር ዕቃውን ገዙ። ሻጩ ውሃ ልክም ቢወስዱ ብሎ ቢወተውታቸው «ዓይኔ ምን ሠራ?» ብለውት ተመለሱ።

ዓይናቸው እውነትም ድንቅ ነው። የሻወር ወለል በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘቅዘቅ ነበረበት። የእሳቸው ግን ፊቱን ወደ መኝታ ቤት አዙሯል፤ መውረጃውም ጉብታ ላይ እንደ ተሠራ ቤተ ክርስቲያን ውሃውን በሩቁ ይባርካል። ከሴራሚኩ ሥር ውሃ መከላከያ ይቀባ ሲባሉም «ሴራሚክ ደግሞ ውሃ ያስገባል እንዴ?» አሉ። ሴራሚኩስ አያስገባም፤ የሚያስገባው በሴራሚኮቹ መሐል ያለው መስመር ነው። ይሄ ግን የሌቦቹ ወሬ ነው።

እኔ ከሁሉ የወደድኩላቸው ከእጅ መታጠቢያው ሥር የሠሩትን ነው። ጠማማውን ቱቦ ፈትተው፣ «ቆሻሻ የሚይዘው ይሄ ነው» ብለው በቀጥ ያለ ተኩት። ያ ጠማማ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ውሃ ቋጥሮ የፍሳሹን ሽታና በረሮውን የሚመልስ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ተባረረ፤ በረሮዎቹ ከነቤተሰባቸው ገቡ። ባለቤታቸው ዕጣን ቢያጨሱ ቢያጨሱ፣ ሽታው ከዕጣኑ ጋር ተዋደደ።

ሙከራው እሑድ ከሰዓት ተካሄደ። ልጆቻቸውን ሰብስበው የሻወሩን መክፈቻ አዞሩት፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ቤተሰቡ አጨበጨበ። እሑድ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ እንዳልሆነ ያስታወሰ የለም። መክፈቻውን መልሶ የዘጋም የለም።

ውሃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ። ተነሥቼ መታጠቢያ ቤቴን ስከፍት የአምፖሌ መስታወት እስከ ወገቡ ቢጫ ውሃ ይዞ፣ እንደ ብርሌ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። ከጎኑ የተላጠው ቀለም በዝግታ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሮጬ ወጥቼ በራቸውን ሳንኳኳ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ መጥረጊያ እንደያዙ ከፈቱልኝ። «ሕንፃው ነው እኮ፣ ድሮም አሠራሩ አያምርም» አሉኝ። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ እሳቸው ሻወር ይከፍታሉ፣ እኔ እታጠባለሁ። ለቧንቧ ሠራተኛ ሳይከፍሉት የቀሩት ገንዘብ የግላቸው ነው፤ ጣሪያው ግን የጋራችን።

አሁን ደግሞ ቦይለሩን ራሳቸው ሊያገናኙ ነው። ትናንት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ ከቦይለሩ ከሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱ እንደሚበቁ፣ ቢጫና አረንጓዴው ለጌጥ እንደሆነ አስረዱኝ። ወለሉ ገና አልደረቀም።

ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ።