የድሪቶ ንድፍ አውጪው ማን ነው?

ድሪቶ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድህነት ነው፤ ስለ ንድፉ የጠየቀ የለም። ይህ ትልቅ የዕውቀት ክፍተት ነውና ሳይውል ሳያድር ሊጣፍ ይገባል። ጥያቄው አጭር ነው። ጎጃም ውስጥ ከመራዊ እስከ ቡሬ፣ ከዚያም እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር መደብ ላይ ተነጥፎ የሚገኘው፣ አንዱ እራፊ ቀይ፣ አንዱ ቡላ፣ ሦስተኛው አበባ ያለበት ያ ዕቃ የማን ሐሳብ ነው? ሰፊዋ ቀድማ አልነደፈችውም። በኖራ አላሰመረችም፣ በሜትር አልለካችም፤ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ብትጠየቅም «ኧረ መቼ ሊያልቅ!» ነው መልሷ። ሆኖም ሥርዓት አለው። ሥርዓት ካለው ያወጣለት መኖር አለበት። የዚህ ጽሑፍ አቋም ያወጣለት ቀዳዳው ነው የሚል ነው።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ የጎጃም ገበሬ ቁምጣ ነው። እራፊ በዘፈቀደ የሚያርፍ ቢሆን ኖሮ ከፊትም ከኋላም፣ ከኪሱም ከወገቡም እኩል በተገኘ ነበር። የሚገኘው ግን መቀመጫው ላይ ነው፤ ያውም ሁለት ሆኖ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሚዛን ሰሐን። ከብት ጠባቂ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ለዕርቅ ዋርካ ሥር ይቀመጣል፣ ባለጉዳይ ቢሮ ደጃፍ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ጨርቅ ይበላል። የከተማ ተማሪ ሱሪ በአንጻሩ ጉልበቱ ላይ ይጣፋል። የቁምጣ ጉልበት ሲጣፍ ግን ታይቶ አይታወቅም፤ ቁምጣው ጉልበት ድረስ አይደርስማ። አንድ ንድፈ ሐሳብ የሚኖረውን ብቻ ሳይሆን የማይኖረውንም አስቀድሞ መናገር ከቻለ ሊከበር ይገባዋል፤ ይኸኛው ተናግሯል። ገበያ ዳር ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊም ለዚሁ ሥርዓት ይታዘዛል። እራፊውን ካስቀመጠ በኋላ ከጠርዝ ወደ መሃል፣ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ እያዞረ ጨርቁ እስኪገተር ይሰፋዋል። አይዛክ ሲንጀር የስፌት መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1851 ካስመዘገበ ወዲህ መርፌው ፈጥኗል፤ እራፊው የት ይረፍ የሚለውን ግን አንድም መኪና ወስኖ አያውቅም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከማዳበሪያ ጆንያ የሚሰፋው ማስጫ ነው። በመራዊ አካባቢ የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ታስቦ ስለተሠራ በበጋም ይዘራል፤ በጋ ከክረምት የሚዘራበት አገር ደግሞ ጆንያ አያጣም። ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሲዘለቅ በርበሬ አለ፤ በርበሬ ባዶ መሬት ላይ አይሰጣም። ስለዚህ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ ታችና ጎኑ ይተረተራል፣ ይዘረጋል፣ ከመሰሉ ጋር በጆንያ መርፌ ይጋጠማል። ክሩም ከራሱ ከጆንያው ጠርዝ እየተመዘዘ የሚወጣ ነው። ጥቂት በጋ ከከረመ በኋላ ፀሐይ የበላው ቦታ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ አይጥም እህል የሸተታትን ማዕዘን መርጣ ትቆርጣለች። እዚያ ላይ ሌላ ጆንያ ይደረባል። ከታች የዳፕ ማዳበሪያ ጆንያ፣ ከላይ የኤንፒኤስ ይሆናል። ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ የመጣበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው የማስጫዋን ዕድሜ ያለ ላቦራቶሪ ይናገራል። ጀማሪ ተመራማሪን የሚያሳስተው 46 ቁጥር ነው፤ ማስጫዋ ላይ እዚህም እዚያም ይገኛል። የዩሪያው 46 የናይትሮጅን ነው፣ የዳፑ 46 የፎስፌት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ተቃውሞ መቼም አይጠፋም። «ቦታውን ቀዳዳው ይምረጥ፤ ቀለሙን የምትመርጠው ግን ሰፊዋ ናት» የሚል አለ። ለጊዜው ያስደነግጣል። ነገር ግን ምርጫዋ ከእራፊ ቋጠሮዋ አያልፍም፤ ቋጠሮው ሲፈታ ምን አለበት? የባል ሸሚዝ ጀርባ አለ፤ ክርኑ ሄዷል። የልጅ ቀሚስ ጫፍ አለ፤ ብብቱ ሄዷል። የነጠላ ጥለት አለ፤ መሃሉ ሄዷል። ውስጡ ያለው ሁሉ ከቀዳዳ የተረፈ ነው። እንግዲህ ሰፊዋ የዚህን ልብስ ቀዳዳ የምትደፍነው የዚያኛው ልብስ ቀዳዳ በፈቀደላት ቁራጭ ነው፤ ሁለቱ ተስማምተው ሲያበቁ እሷ ትፈርማለች። የምትፈርምበትም መሣሪያ ቢሆን ከጉዳዩ ነጻ አይደለም። በበር በሚገባው ብርሃን ፊቷን አዙራ፣ የፈትሉን ጫፍ በምራቋ አርጥባና አሹላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና የምትፈልገው የመርፌዋን ቀዳዳ ነው። መርፌ ያለ ቀዳዳዋ እሾህ ናት።

ከቤተ ክህነት በኩል የሚነሣው ይከብዳል፤ ማቴዎስ 9 ቁጥር 16 ላይ አዲስ እራፊ ባረጀ ልብስ ላይ መጣፍ እንደማይገባ ተጽፏልና። ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ቀዳዳው ይብሳል ስለሚል መሆኑን ያያል። ሰው በራሱ ሐሳብ አዲስ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ቀዳዳው ሰፋ ብሎ ንድፉን ያሻሽላል ማለት ነው፤ ምስክርነቱ ለእኛ ሆነ። የመራዊ እናቶችም ትእዛዙን ከመጀመሪያው አክብረዋል፤ አዲስ ጨርቅ ከየት መጥቶ!

የአሜሪካው ተቃውሞ ሌላ ነው። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ጭምር የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 ደግሞ የፖስታ ቴምብር ሆኑ። ተመልካች ያደነቀው የሰፊዎቹን ዓይን ነው፤ አድናቆቱም ይገባቸዋል። ሆኖም በእነዚያ የሥራ ልብሶች ላይ ዓይን የሚስበው ኪስ ተነቅሎ የቀረው ደማቅ ቦታና ከአጠገቡ ያለው የነጣ ጨርቅ ነው፤ የነጣ ጨርቅ ደግሞ ቀዳዳ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት የመስቀያው ብቻ ነው፤ የእነሱ ግድግዳ ላይ፣ የእኛ ትኋኑ እንዲለቀው አጥር ላይ። ተቀድዶ የሚሸጠው ጂንስ ግን እዚህ አልተካተተም። ቀዳዳው ሥራ ሳይሠራ ደመወዝ የሚበላ ስለሆነ ለሚመለከተው ክፍል ተትቷል።

እንቅልፍ የሚነሣው አንድ ተቃውሞ ነው። አዲስ ቁምጣ ገዝቶ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጥበት፣ በቀጥታ ልብስ ሰፊው ዘንድ ወስዶ መቀመጫውን የሚያስደርብ ገበሬ አለ። እራፊ አለ፤ ቀዳዳ የለም። ንድፈ ሐሳቡ ፈረሰ ብሎ የሚቸኩል ካለ ግን ልብስ ሰፊውና ገበሬው የሚነጋገሩትን ይስማ። አንዱ የት ላድርገው አይልም፣ ሌላውም እዚህ አድርገው አይልም። ቀዳዳው ገና አልመጣም፤ ቦታው ግን ተይዞለታል። የሚከራከሩት በዋጋው ነው።