ለምን እንደምንሄድ ሳይነግሩኝ

እናንተ የእኔ ዘመን ሰዎች፣ ጉድ ልንገራችሁ። ልጄና ባሏ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው፣ እኔን ሽማግሌውንም ጎትተው ስሜን ተራራ አወጡኝ። «ምን ልናመጣ?» ብል፣ «ምንም፤ ዝም ብለን ልንሄድ ነው» አሉኝ። ድሮ ሰው ዳገት የሚወጣው ወይ በቅሎ ጠፍታበት፣ ወይ መርዶ ሰምቶ፣ ወይ ዳኛ ሸሽቶ ነበር። ደባርቅ ላይ መግቢያ ከፍሎ፣ አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት አስከትሎ በከንቱ ማለክለክ የዘንድሮ ፈሊጥ ነው።

ጓዙማ አይወራ! የልጅቱ ማዘያ ብረት አለው፣ ጥላ አለው፣ ኪሱ ስፍር ቁጥር የለውም። እናቶቻችን በአንዲት አንቀልባ አዝለው፣ ሌላውን ጸንሰው አገር ያቋርጡ አልነበር? ልጅቱም ገና ሳንቃበር ሳንደርስ «እሽኮኮ!» ብላ እኔ ትከሻ ላይ ወጣች፤ አማቼ ባዶውን ማዘያ ተሸክሞ ወጣ። ባዶውን እንኳ አልልም፣ ጋቢዬና በሶዬ ነበሩበት። እኔ በእሷ ዕድሜ ከወገራ ጎንደር በባዶ እግሬ ነበር የምመላለሰው። በቅሎዪቱ ላይ የምቀመጠው እንዳትጠፋ ስጠብቃት ነው።

ብርዱም ቢሆን የዛሬው ብርድ ባለጌ ነው። የድሮው ሰው ያከብር ነበር። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው እያሉ ሲንቀጠቀጡ፣ እኔ በአንዲት ጋቢ ብቻ ተቀመጥሁ። ከሥሯ የአማቼን ጃኬት የለበስሁት ጤዛ እንዳይመታው ብዬ ነው።

ያልተለወጡት ጭላዶቹ ብቻ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ደረታቸው እንደ ቀላ፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ሣር በጣታቸው ይነጫሉ። ልጅቱ አየቻቸውና እሷም ቁጢጥ ብላ፣ ሣር ነጭታ ጎረሰች። እናቷ ሳኒታይዘር ይዛ ስትበር ማየት ነው! እኛ በሣር አይደል ያደግነው? እኔም ለአንዱ ጭላዳ ቆሎ ብዘረጋለት አስጎብኚው «አባት፣ ክልክል ነው» አለኝ። እንግዳ ባዶ እጁን ይግባ ማለት ነው።

ገደሉንስ ማን አየው? ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶት ስልኩ ላይ ይገለፍጣል። ፈረንጅ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ ሳይመዘግበው፣ ዋልያም ስሙን ለኳስ ተጫዋች ሳያውስ፣ እኛ በዓይናችን ነበር የምናየው። እኔ ፎቶ አልወድም። ሁለቴ ያስደገምኋቸው ከዘራዬ ስላልታየ ነው።

አሁን ደግሞ ለጥር ዋልያ ሊያዩ ጨነቅ ድረስ ነው አሉ። ልጅቱ «አባባ ካልሄደ አልሄድም» ብላለች። የዛሬ ልጅ አያቱን ያዛል! እኔ እሺም እምቢም አላልሁ። የፊተኛው ወንበር የእኔ እንደሆነና ያን ጃኬት ለማንም እንዳያውሱት ብቻ ነው የነገርኋቸው።