ስለ ኤምቢኤ ትምህርት ቤት አመራረጥ የቀረበ ሐተታ

ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1908 ለኤምቢኤ መዐርግ የሚያበቃ ትምህርት ቤት በከፈተ ጊዜ፣ ተማሪ የሚማርበትን ቤት የሚመርጠው ዕውቀትን ሽቶ ነው የሚል የዋህ እምነት ሳይኖር አይቀርም፤ ነገሩ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ግን ምርጫው ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በሥርዐት ከፋፍሎ መመርመር ግድ ሆኗል።

መራጮች በሁለት ዐበይት ነገዶች ይከፈላሉ፤ የቀንና የማታ። የቀኑ፣ ይኸውም ቀኑን ሙሉ ለመማር የቆረጠው፣ ወይ ባለጸጋ ነው ወይ ሥራ አላገኘም፤ በሁለቱም መንገድ ምክራችንን ስለማይሻ አልፈነዋል።

የማታው ነገድ ሦስት ወገን ነው። ፊተኛው በመንገድ የሚመርጥ ነው። በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተው የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኮሜርስ፣ ሰንጋ ተራ በባንኮቹ ፎቆች ጎረቤትነት በነበረበት ዘመን፣ የባንክ ሠራተኛ በ11 ሰዓት ከቢሮው ወጥቶ፣ ማኪያቶውን ተረጋግቶ ጠጥቶ፣ በእግሩ ክፍል ይገባ ነበር፤ የስድስት ኪሎውን ግቢ የመረጠው ባልደረባው ግን በዚያው ሰዓት በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የስትራቴጂን ትርጓሜ በተግባር ይማር ነበር። ሁለተኛው በከፋይ የሚመርጥ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ እርሱ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል፣ በዚህም ምርጫው ተፈጸመ።

ሦስተኛውና ጥልቁ ወገን በወዳጅ የሚመርጥ ነው። ይህ ሰው የትምህርቱን ዝርዝርም ሆነ ክፍያውን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው «ማን ማን ተመዘገበ?» ብሎ ነው፤ ምክንያቱም መምህሩ የቡድን ሥራ ባዘዘ ቁጥር ስሙን የሚያስገባለት ታማኝ ሰው ያስፈልገዋልና። ሥራው በሚረከብበት ዋዜማ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ «ወንድሞቼ፣ ስሜን አስገቡልኝ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል። መተርጉማን እንዲህ ያትቱታል፦ አንድም ስብሰባ ላይ አምሽቼ ነው ሲል ነው፤ አንድም ልጅ ታሞብኝ ነው ሲል ነው፤ አንድም ርእሱ ምን እንደ ሆነ አላየሁም ሲል ነው፤ አንድም ባለፈው ወሰነ ትምህርት የአንተን ስም ያስገባሁ እኔ አይደለሁምን ሲል ነው። የመጨረሻው ሐተታ መልስ ስለሌለው ስሙ ይገባል። ከዚህም የከፋ ምሥጢር አለ፤ አንዳንዴ አምስቱም የቡድኑ አባላት ከዚሁ ወገን ሆነው ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ አምስቱም ስም ከነመታወቂያ ቁጥሩ በፊደል ተራ የተጻፈበት፣ የዩኒቨርሲቲው ዐርማ በመካከል የተቀመጠበት እጅግ ያማረ የሽፋን ገጽ ይዘጋጃል፤ ከሽፋኑ በኋላ ግን የሚገለጥ ገጽ የለም። እንዲህ ያለ ቡድን የአመራርን ትምህርት ሲማር ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሆድ ያባባል፤ ምክንያቱም እነዚሁ ሰዎች ቀን ቀን ያለ ማንም እርዳታ የመሥሪያ ቤት ክፍል ሲመሩ፣ ሒሳብ ሲዘጉ፣ ደንበኛ ሲያባብሉ የሚውሉ ናቸው።

በመምህራን ብቃትና በቤተ መጻሕፍት ስፋት የሚመርጥ አራተኛ ወገን እንዳለም ይወራል። ስለዚህ ወገን ሰፊ ምዕራፍ አስበንለት ነበር፤ ነገር ግን ምዝገባው ነገ ስለሚዘጋና ወዳጄ የት እንደ ተመዘገበ እስካሁን ስልኩን አንሥቶ ስላልነገረኝ፣ ምርምሩን አቋርጬ በአካል ልፈልገው መውጣት አለብኝ።