«ትንሽ አሟታል»፦ በድሬዳዋ መርዶ ላይ የተደረገ ጥናት

ድሬዳዋ ነገር የማታድበሰብስ ከተማ ናት። ልጅ አባቱን «አንተ» ይላል፤ ከፊራ ገበያ ውስጥ ገዥዋ ሻጯን «አቦ፣ አታጋንኚ!» ስትላት የሚቀየም የለም። ይህ ሕዝብ ውሸትን በጉባኤ የሚያጸድቀው ለመርዶ ብቻ ነው።

እናት ከዚራ ሰፈር አረፈች፣ ልጅዋ አዲስ አበባ ነች እንበል። የመጀመሪያው ስልክ «ትንሽ አሟታል» ይላል፤ ሁለተኛው «ሆስፒታል ተኝታለች»። ደረጃ መዝለል ነውር ነው። ደዋዩ የሚመረጠው ድምፁ እንደማይሰበር ታይቶ ሲሆን፣ አክስቶች በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃሉ። አዲስ አበባ ያሉት ጎረቤቶች ለብቻቸው ይነገራቸዋል። ልጅቱ እራት እንድትበላ ይደረጋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች፣ የእድር ሰዎችና ስትወድቅ የሚይዝ አንድ ጎረምሳ በሯን ያንኳኳሉ።

መጋላ ሰፈር ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶች ለዚህ ሁሉ ድራማ ጊዜ የላቸውም፤ ቀብር ቶሎ ነው።

ስለ ውሸት ከተነሳ፣ ፈላስፋው ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለሰው ሕይወት ተብሎ እንኳ መዋሸት አይፈቀድም ብሏል። አስተያየቱን በአክብሮት መዝግበናል። ሆኖም ሰውዬው ዕድሜውን በሙሉ ከከተማው ከኮኒግስበርግ ብዙም ሳይርቅ የኖረ ነው፤ መርዶ ደግሞ የርቀት ልጅ ነው። ድሬዳዋን በ1902 እ.ኤ.አ. የወለዳት ባቡር፣ ልጆቿን ጅቡቲና አዲስ አበባ ሲበትን ኖሯል።

አንድ ግኝት አስደንግጦናል፦ የሚታለል ሰው አልተገኘም። ስድስት ጎረቤት ጎህ ሳይቀድ ለጉንፋን እንደማይመጣ ልጅቱ ታውቃለች። በሩን ስትከፍት «ማን ሞተ?» ብላ ነው። እንዲያውም «ትንሽ አሟታል» ሲባል ማታውኑ ጥቁር ነጠላዋን ፈልጋ አስቀምጣለች። ሁሉም የሚያውቀውን ውሸት ውሸት ማለት ይከብዳል፤ ሰው እንዲዘጋጅ የሚሰጥ አንድ ሌሊት ነው። (ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው ካንት ሳይሆን፣ ሬሳው ሳይገነዝ የሻማ ፎቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ የአጎት ልጅ ነው።)

ጥናቱ አንድ ዓይነት ደግ ውሸት ግን ይቅር አይልም። እናትየው በሕይወት ሳለች፣ ሐኪሙ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ «እንዳትጨነቅ» ተብሎ ለልጅቱ «ተሽሏታል፣ ሥራሽን አትተይ» የተባለበት ጊዜ አለ። ያኔ ያልተሰናበተች ልጅ እንዲህ ያላትን ዘመድ ለዓመታት አታናግረውም፤ ልክም ናት።

ስለዚህ ዘመዶች ሆይ፣ ሞቱን እስኪነጋ ደብቁ፤ ሕመሙን ግን ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯት።